የጋሼ ላቀው አሥራ ሁለት ጠርሙሶች

ባለፈው ሳምንት ቶራንስ ከሐኪም ስንመለስ ልጄ "እማዬ፣ አንዴ እዚህ ሱቅ ልግባ" ብላ መኪናዋን ፓርክ አደረገች። ጉልበቴ ስለሚያስቸግረኝ መኪናው ውስጥ ልቆይ ብዬ ነበር፤ ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲለኝ እያነከስኩ ተከተልኳት። አበባ ከሚደረደርበት ጥግ ስንደርስ አንዲት ወጣት ሠራተኛ የአንድ ትልቅ ጠርሙስ ክዳን ከፍታ ውስጡን በጨርቅ ትወለውላለች። በአጠገቧ ሳልፍ ሽታው መጣ። እርጥብ አፈር፣ ከሰል፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ውሃ። የጋሪውን እጀታ ይዤ ቆምኩ። ልጄ "ቴራሪየም ነው፣ ጠርሙስ ውስጥ የሚበቅል አትክልት፤ አሁን ሰው ሁሉ የሚገዛው እሱን ሆኗል፤ ልግዛልሽ?" አለችኝ። ዋጋው ስልሳ አምስት ዶላር ይላል። አልፈልግም አልኳት። የደከመኝ መሰላት፤ ደክሞኝም ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ድካም እንደ ልብስ ነው፣ ጠዋት ለብሼው ነው የምነሳው። ግን ያን ሰዓት የቆምኩት በድካም አልነበረም። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ፌርፋክስ አጠገብ ወዳለው አሮጌ ፎቅ ተመልሼ ነው።

ያኔ ፌርፋክስ የኛ የሚባል ሰፈር አልነበረም። አሁን የሚታየው በአማርኛ የተጻፈ የሱቅ ስም ሁሉ የለም። ከኦሊምፒክ ጎዳና ወደ ፒኮ ጎዳና በሚወርደው ቁራጭ መንገድ ላይ አንድ ሁለት የአበሻ ምግብ ቤት ተከፍቶ ነበር፤ የቀረው አሮጌ የቤት ዕቃ መሸጫ፣ ምንጣፍ ቤት፣ ጫማ ማደሻ ነው። ወደ ሰሜን ከፍ ሲባል የአይሁዶቹ ዳቦ ቤቶች ይመጣሉ፤ ዓርብ ከቀትር በኋላ የዳቦው ሽታ እስከ አውቶብስ ማቆሚያው ይደርስ ነበር፤ ሊዘጉ ሲሉ ስለሚያረክሱ ዓርብን ጠብቀን ነበር የምንገዛው። ትከሻው በስፖንጅ የተነፋ ኮት የሚለበስበት ዘመን ነው። እኔም አንድ ነበረኝ፣ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በአራት ዶላር የገዛሁት፤ ስለብሰው በር በጎኔ የማልፍ ይመስለኝ ነበር። ፀጉር እርጥብ አስመስሎ የሚያጠቀልል ቅባት መጥቶ የአውቶብሱ መስኮት ሁሉ በጭንቅላት ልክ ይወዛ ነበር። የዘፈን ካሴት አንዱ ከአንዱ እየቀዳ፣ ያም ከሌላው እየቀዳ እኛ ዘንድ ሲደርስ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ግን እንሰማዋለን። ባትሪው ሲደክም ዘፈኑም አብሮ ይጎተታል፤ እንደዚያም ሆኖ እንሰማዋለን።

የምኖረው ከአንዲት የጎንደር ልጅ ጋር ነበር፤ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ። እሷ ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ እኔ ገና ሳይነጋ ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ማድ ቤት እገባለሁ። እሷ ስትመጣ እኔ ሄጃለሁ፣ እኔ ስመጣ እሷ ልትወጣ ትዘጋጃለች፤ አልጋው አይቀዘቅዝም ነበር። ሥራዬ ዕቃ ማጠብና ሽንኩርት መላጥ ነው። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ስወጣ እግሬ ጫማዬን ሞልቶ ይፈስሳል፤ አውቶብስ ላይ ቁጭ ስል ክሩን እፈታለሁ፣ ስወርድ ግን መልሼ ለማሰር እቸገራለሁ። በዚያ ማድ ቤት ትልልቅ የመስታወት ጠርሙሶች ይጣሉ ነበር። በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር፣ ወይራ፣ ቃሪያ የሚመጣባቸው፣ አንዱ አራት ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑ ተጠምዝዞ የሚገጥም። አንድ ቀን አሳዘነኝና አንዱን አጥቤ ይዤ መጣሁ። ሰው በተጨናነቀበት አውቶብስ እንደ ሕፃን ታቅፌው መጥቼ የፎቃችንን ደረጃ ስወጣ ጋሼ ላቀው ሲወርዱ ተገናኘን።

ጋሼ ላቀው ከእኛ ክፍል ቀጥሎ ባለው፣ በአንድ ግድግዳ በምንለያየው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፉ። አገር ቤት የባዮሎጂ አስተማሪ ነበሩ። እዚህ ሆሊውድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሳጥን ከምታክል ቤት ቁጭ ብለው ትኬት ይቀበላሉ። እስከዚያ ቀን ከ"እንደምን ዋሉ" ያለፈ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

"ልጄ፣ ይቺን ጠርሙስ ምን ልታደርጊባት ነው?" አሉኝ።

"ሽሮ ላስቀምጥባት ነው ጋሼ።"

"ሽሮ በፌስታልም ይቀመጣል። ነይማ፣ ምን እንደምትሆን ላሳይሽ።"

በሩን ክፍት አድርገው አስገቡኝ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። ቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር ቢኖር መስኮቱ ሥር የተደረደሩት ጠርሙሶች ነበሩ። አራት ይሁኑ አምስት። ክዳናቸው ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፣ ውስጣቸው ግን አረንጓዴ ነው። ጣት የማያህሉ ፈርን የሚባሉ ላባ መሳይ ቅጠሎች፣ ቀይ ደም ሥር ያላቸው ጥቃቅን ቅጠሎች፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅለው ሞስ የሚሉት ነገር። መካከል ላይ ሆዱ የተነፋ የወይን ጠጅ ዳምጃን ተቀምጧል፤ ውስጡ ጫካ ነው። "ይሄን ከተከልኩት ጀምሮ ከፍቼው አላውቅም" አሉኝ። "ጠብታ ውሃ አልጨመርኩበትም። ያው ውሃ ነው የሚወጣው፣ ያው ውሃ ነው የሚወርደው።" አጎንብሼ ቡሹን አየሁት። የሚቀልዱብኝ መስሎኝም ነበር።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት አንድም ሁለትም ጠርሙስ እያመጣሁላቸው አብረን መሥራት ጀመርን። ሥራው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ታች ጠጠር ይደረጋል፣ የተረፈው ውሃ የሚወርድበት። ከላዩ የተፈጨ ከሰል፣ እንዳይሸት። ከዚያ አፈር፣ አራት ጣት ያህል። ጠርሙሱ አንገተ ጠባብ ከሆነ እጅ ስለማይገባ ማንኪያ በእንጨት ላይ አስረው፣ ከቻይና ምግብ ቤት ባመጧቸው ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ቅጠሉን ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ያወርዱታል። ፈርኑን ከሱፐርማርኬት በዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም ነበር የምንገዛው፤ አንዱን ለሦስት ይከፍሉታል። ሞሱን ግን ከየመንገዱ ጥግ፣ አትክልት ማጠጫ ቱቦ ከሚያንጠባጥብበት፣ በቢላ ፍቀው በጋዜጣ ጠቅልለው ያመጡታል። አስተማሪነታቸው አልለቀቃቸውም ነበር፤ ሲናገሩ ጥቁር ሰሌዳ ከኋላቸው ያለ ይመስላል።

"ጠዋት ጉም ይይዛል፣ ቀትር ላይ ይጠራል፤ እንዲህ ከሆነ ጤነኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ካላበው ውሃ በዝቶበታል፣ ክዳኑን ለአንድ ሰዓት አንሺለት። ጭራሽ ካላላበው ጠምቶታል፤ ሦስት ማንኪያ ስጪው፣ አራተኛ የለም። ሻጋታ ካየሽ በጥጥ ጥረጊና አውጪ። ፀሐይ ላይ ግን እንዳታወጪው። ብርጭቆ ነው፣ ያበስላቸዋል።"

እኔ የመጀመሪያውን ገደልኩት። አሳዘነኝና ውሃ አጠጣሁት፣ በነጋታው ደግሞ አጠጣሁት፤ በሳምንቱ ሾርባ ሆነ። ጋሼ ላቀው አልተቆጡም፣ ሳቁ እንጂ። ሁለተኛው ጸደቀልኝ። ጠዋት ለሥራ ስነሳ መብራት አብርቼ ጉሙን አየዋለሁ፤ ያቺን አንድ ደቂቃ ማንም አይወስድብኝም ነበር። የጠርሙስ አትክልት ከእኔ ምንም አይፈልግም፤ ስደክም አይደክምብኝም፣ ስረሳው አይቀየመኝም። ዛሬ ላይ ሳስበው የወደድኩት ለዚህ ይመስለኛል።

ጋሼ ላቀው ሚስት ነበራቸው። እትዬ አሰገደች ይባላሉ። የተለያዩት ጋሼ ላቀው በሱዳን በኩል ሲወጡ ነው፤ ልጅ አልወለዱም ነበር። ሚስታቸውን ለማምጣት ወረቀት ይሞላሉ፣ ወረቀቱ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞላሉ። ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። ደብዳቤ ሲመጣላቸው በዚያው ዕለት አንብበው አይጨርሱትም፤ ግማሹን ለነገ ያስቀምጣሉ። የኦሎምፒክ ውድድር ከተማችን ገብቶ ከሄደ በኋላ በነበረው አንድ ዓመት፣ ወሩን እንጃ፣ ተፈቀደ የሚል ወረቀት መጣ። እኛ ክፍል በር ላይ ቆሙና ወረቀቱን ዘረጉልኝ።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገርም ሆነላቸው። ፌርፋክስ ላይ ከዳቦ ቤቶቹ አጠገብ አንዲት አሮጊት የአበባ ሱቅ ነበራቸው። ጋሼ ላቀው አንድ ጠርሙስ ወስደው አሳዩዋቸው። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው፣ አውልቀው፣ እንደገና አድርገው አዩትና፣ ለገና ሰሞን መስኮታቸውን የሚሞላ አሥራ ሁለት ቢያመጡላቸው የሱቁን አንድ ጥግ ለሳቸው እንደሚለቁላቸው ነገሯቸው። ቁጭ ብለው እየሠሩ የሚሸጡበት ጥግ። ይሄ ለጋሼ ላቀው ትልቅ ነገር ነበር። የመኪናው ጭስ ደረታቸውን እየበላው ነው፤ ሲያስሉ በግድግዳው በኩል እሰማቸዋለሁ። "አሰገደች ስትመጣ ከዚያ ሳጥን ወጥቼ ባገኘኋት" ይሉኝ ነበር። አሥራ ሁለቱን ሞሉ። ዳምጃኑ አሥራ ሁለተኛው ነው፤ አምስት ዓመት ያልተከፈተው።

እትዬ አሰገደች በጥቅምት መጡ። ጠይም፣ ቆፍጣና፣ አርባ ያልሞላቸው ሴት። ቤቱን በአንድ ቀን ከጣሪያ እስከ ወለል አጠቡት። በሦስተኛው ቀን ማታ ጋሼ ላቀው እኔን ኮሪደር ላይ ጠርተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

"እርስዎ እያለች ነው የምትጠራኝ። ድሮ አንተ ነበር የምትለኝ። የምነግራትን ሁሉ እሺ ትላለች፤ እንደ እንግዳ እሺ። ስለ ጠርሙሶቹም ነገርኳት፣ እሺ አለች፤ የገባት አልመሰለኝም። ነገ ሙሉ ቀን ነው የምሠራው። ከሥራ ስትመለሺ ጎራ በይና አስረጂያት፤ ሴት ለሴት ትግባባላችሁ። እንዳትከፍታቸው፣ ፀሐይ ላይ እንዳታወጣቸው። የፊታችን ሰኞ ሱቅ ልንወስዳቸው ነው።"

"ኦኬ ጋሼ፣ አያስቡ" አልኳቸው።

በማግስቱ ማድ ቤቱ ሁለት ሰው ጎድሎበት ነበር፤ የሦስት ሰው ሥራ ሠርቼ ወጣሁ። ከበረሃው በኩል ያ ደረቅ ሞቃት ነፋስ ይነፍሳል፤ የአውቶብሱ ወንበር ጭን ያቃጥላል። ደረጃውን ወጥቼ በእትዬ አሰገደች በር አለፍኩ። ከውስጥ የሰሐን ድምፅ ሰማሁ። ላንኳኳ አስቤ እጄንም አንስቻለሁ። ከዚያ ግን፣ መጀመሪያ ጫማዬን ላውልቅ፣ አሥር ደቂቃ ጋደም ልበልና እመለሳለሁ አልኩ። ጎንደሬዋ ጓደኛዬ የዚያን ቀን ቀድማ ወጥታ ነበር፤ አልጋው ባዶ ነው። ተጋደምኩ።

የቀሰቀሰኝ በር ሲንኳኳ ነው። እትዬ አሰገደች ናቸው፤ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ረጥቧል፣ ፊታቸው በደስታ በርቷል። "ነይ እስቲ ልጄ፣ ያደረግሁትን እይልኝ!" ብለው እጄን ይዘው ጎተቱኝ። ቤቱ ውስጥ መስኮቱ ሥር አንድም ጠርሙስ የለም። በረንዳው ላይ ናቸው። አሥራ ሁለቱም፣ ክዳናቸው ተከፍቶ፣ ውጪያቸው ተፈግፍጎ፣ አፈራቸው ላይ ውሃ ተንሳፍፎ፣ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ ላዘቀዘቀችው ፀሐይ አድርገው ተደርድረዋል። ዳምጃኑ ራሱ ቡሹ ተነቅሏል።

"ታፍነው ነበር እኮ ምስኪኖች!" አሉኝ። "በሩን ዘግቶባቸው ይወጣል፣ ይገባል፣ አንድ ቀን ውሃ ሲሰጣቸው አላየሁም። ከቀትር በኋላ ፀሐዩ ወደ በረንዳው ሲዞር አወጣኋቸው። ትንሽ ይሙቃቸው ብዬ።"

ጣቴን አንዱ ላይ አደረግሁ። ብርጭቆው እንደ ድስት ይፋጃል። ከቀትር በኋላ ማለት እኔ የገባሁበት ሰዓት ነው። ሰሐናቸውን ሲያጥቡ የሰማሁበት ሰዓት። መናገር ነበረብኝ፤ ግን ደስታቸው ፊታቸው ላይ አልበቃ ብሎ ሳያቸው እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? "ጎበዝ ነዎት እትዬ" አልኳቸው። አዎ፣ ያልኩት ይሄንን ነው። አብረን ወደ ውስጥ አስገባናቸው።

ጋሼ ላቀው ፀሐይዋ እንደገባች መጡ። እኔ ልወጣ ስል በር ላይ ተገናኘን። ከእኔ ትከሻ በላይ ወደ መስኮቱ አዩ። ወደ ጠርሙሶቹ ሄዱና ዳምጃኑ አጠገብ ተንበረከኩ። አንገቱን በእጃቸው ያዙት። እትዬ አሰገደች "እንኳን መጣሁልዎ፣ በውሃ ጥም ሊያልቁብዎ ነበር" አሏቸው። ጋሼ ላቀው ቀና ብለው አዩኝ።

"አልነገርሻትም?"

"አንኳኩቼ ነበር ጋሼ፤ የሚከፍትልኝ አጣሁ" አልኩ።

ውሸቱ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። እትዬ አሰገደች ወደ እኔ ዞሩ። ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጡም። የሆነ ነገር እንደ ተበላሸ ገና አሁን እየገባቸው ነው። ዓይን ዓይኔን አዩኝ፣ ከዚያ ባዶ እግሬን አዩ፤ ያበጠውን። "ገላዬን ስታጠብ ይሆናል" አሉ።

ጋሼ ላቀው ከጉልበታቸው ተነሱ። "አመሰግናለሁ አሰገደች። ብዙ ደክመሻል" አሏቸውና እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሳምንት ነው። መጀመሪያ ፈርኖቹ ጠርዛቸው ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆሩ፣ ከዚያ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኙ። ሞሱ ቢጫ ሆነ። ነጭ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር አፈሩን ሸፈነው፤ ሽታው በግድግዳው በኩል እኛም ዘንድ ደረሰ። ሰኞ ቀኑ አለፈ፣ ወደ ሱቁ የተወሰደ ነገር የለም። ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ እትዬ አሰገደች በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። መዳፋቸው ላይ የጠቆረ ሥር ይዘዋል።

"እኔ ነኝ የገደልኳቸው?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። የአበባ ሱቁን፣ ጥጉን፣ የደረታቸውን ሕመም፣ ሁሉንም። ጋሼ ላቀው ሊያስደስቷቸው ደብቀውት የነበረውን ነገር ነው የዘከዘክሁት። ይጮሃሉ፣ ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸውን ያቃጠላቸው ግን ሌላ ነገር ነበር።

"ታዲያ ለምን አልተቆጣኝም? አምስት ዓመት ያሳደገውን ፈጅቼበት 'አመሰግናለሁ' ይለኛል? የሚመሰገን እንግዳ ነው። ሚስትን ግን ይቆጧታል!" ዞረው ሊሄዱ አሉና ቆሙ። "አንቺም ብትሆኚ አላንኳኳሽም።"

"አላንኳኳሁም እትዬ። ታዲያ ለምን ሸፈኑኝ?"

"እግርሽን አይቼው። ግን ለእሱ የምትነግሪው አንቺ ነሽ፤ እኔ ሁለተኛ አልዋሽልሽም።"

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በግድግዳው በኩል የሰማሁትን እስካሁን አልረሳውም። መጀመሪያ የእትዬ አሰገደች ድምፅ ነው፦ "ተቆጣኝ! ላቀው፣ አንተን ነው የምልህ፣ ተቆጣኝ! ሰባት ዓመት የጠበቅሁህ ልታመሰግነኝ ነው?" ከዚያ የጋሼ ላቀው ድምፅ፤ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ፣ ከዚያ እየጨመረ፣ ከዚያ በሙሉ ደረታቸው ሲጮሁ። ጮክ ብለው የተናገሩት ስለ ጠርሙሶቹ ብቻ አልነበረም። ስለ ሳጥኗ ነበር፣ ስለ ደብዳቤዎቹ፣ ስለ ሱዳን፣ አንድም ቀን ነግረውኝ ስለማያውቁት ነገር። እትዬ አሰገደችም ይመልሳሉ። ሬዲዮ ከፈትኩ፤ መስማት ያለብኝ ነገር አልነበረም። ሬዲዮውን ስዘጋው ጩኸቱ ቆሞ ነበር። ሁለቱ ያወራሉ፤ ሰው ከሚስቱ ጋር እንደሚያወራ፣ አንዱ የሌላውን ቃል እየነጠቀ።

በማግስቱ እሑድ ሆሊውድ ሄድኩ። ሁለት አውቶብስ ቀይሬ፣ ያን ወይን ጠጅ ኮቴን ለብሼ፤ ለምን እንደ ለበስኩት እንጃ፣ ከባድ ነገር ለመናገር ጥሩ ልብስ የሚያስፈልግ ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ላቀው ከሳጥናቸው ሆነው አዩኝና ትንሿን መስኮት ገፉት።

"አላንኳኳሁም ጋሼ" አልኳቸው። "ተኝቼ ነበር። የዋሸሁዎት ፈርቼ ነው።"

መኪና መጣ። ትኬት ተቀበሉ፣ መልስ ሰጡ፣ መውጫውን የሚዘጋውን እንጨት አነሱ። መኪናው እስኪያልፍ አሳሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ትናንት ማታ ሴትዮዋ ሱቅ ሄጄ ነበር። ጥጉን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል፤ አልፈርድባቸውም፣ ቀኑ አልፏል።" የትኬቶቹን ቁልል አስተካከሉ። "ያዘንኩት ስለ እንቅልፉ አይደለም። እኔም እዚህ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ እተኛለሁ። ሚስቴ ወደ ቤቴ በገባች በአራተኛ ቀኗ ነው፤ እኔን እንድትዋሸኝ አደረግሻት። የመጀመሪያው ውሸት ያንቺ ነው፣ ሁለተኛውን ግን እሷ ናት የተሸከመችው።"

"በይ ሂጂ፣ አውቶብሱ እንዳያመልጥሽ" አሉኝና መስኮቷን ዘጉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ አላናገሩኝም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግድግዳውን ይዘው ያሳልፉኛል፤ ክፉ ቃል የለም፣ ቃልም የለም። በአንድ ግድግዳ ተለያይቶ እንዲህ መኖር እንዴት እንደሚያደክም የኖረበት ነው የሚያውቀው። ስልክ ሲደወልላቸው እሰማለሁ፣ ሲያስሉ እሰማለሁ፤ እኔም ሳስል እንዳይሰሙኝ ትራስ አፌ ላይ አደርጋለሁ። ጠርሙስ ማምጣቱን ተውኩ። የራሴንም አንድ ቀን ከፍቼ ደፋሁት፤ አፈሩን ከፎቃችን ኋላ በተንኩት። እትዬ አሰገደች ግን አልተዉኝም። ፌርፋክስ ካለው ምግብ ቤት ማድ ቤት ገብተው ነበር፤ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስንገናኝ የሥራ ቦታቸውን ወሬ ያወሩልኛል፣ ያስቁኛል። የጠርሙሱን ሥራ እሳቸው እየተማሩት መሆኑንም የነገሩኝ እዚያ ነው። ጋሼ ላቀው ልባቸው ስለተሰበረ አይነኩትም፤ ከአልጋ ላይ ሆነው "ውሃው በዛ፣ ቀንሺ" እያሉ ያዝዟቸዋል አሉኝ። ሱቁ ግን አልተመለሰም። ሴትዮዋም ብዙ አልቆዩም፤ ሱቁ ተዘግቶ ጫማ መሸጫ ሆነ፣ ዛሬ ምን እንደሆነ እንጃ። ጋሼ ላቀው ከዚያች ሳጥን የወጡት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፤ ሐኪም አስገድዷቸው።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው እትዬ አሰገደች ማርገዛቸውን የነገሩኝ። በአርባ ዓመታቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሚሰማን ሰው ሳይኖር። ሴት ልጅ ወለዱ። የሕፃኗን ልቅሶ በግድግዳው በኩል ሰማሁ፤ ልግባ ልተው እያልኩ ስንት ቀን በራቸው ላይ ቆሜ ተመለስኩ። ገንፎ አብስዬ በጎንደሬዋ ጓደኛዬ እጅ ላክሁ።

አንድ ቅዳሜ በራችን ተንኳኳ። ስከፍተው ጋሼ ላቀው ናቸው። ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። ፀጉራቸው በአንድ ዓመት ሸብቷል፤ በጥላ ውስጥ ሲያልፉ ብቻ ስለማያቸው አላስተዋልኩትም ነበር።

"ሰማንያ ቀኗ ነገ ይሞላል" አሉኝ። "ክርስትና እንድታነሺልን ነው የመጣሁት።"

"እኔ? ጋሼ፣ እኔ?"

"የመረጠችሽ አሰገደች ናት።" ወለሉን አዩ። "እኔም ነኝ።"

የዚያን ዕለት ማታ ደግሞ ለሌላ ሰው ተተክቼ ሁለተኛ ፈረቃ ሠርቼ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር የገባሁት። ሁለት ሰዓት ያህል እንኳ ሳልተኛ ገና በጨለማ ተነሳሁ። ያኔ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም፤ በኪራይ አዳራሽ ነው፣ ውሃውም በፕላስቲክ ገንዳ። ጸሎቱ ረጅም ነው። ሕፃኗን ከውሃው ስትወጣ በነጭ ነጠላ ተቀበልኳት፤ አንገቷ ላይ ማተቧ ታሰረላት፣ ጮኸች፣ ጮኸች፣ ከዚያ ክንዴ ላይ አንቀላፋች። ሰማንያ ቀን የሞላት ልጅ እንዲህ ትከብዳለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቅዳሴው ቀጠለ። እግሬ ተቃጠለ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ ክንዴ ዛለ። ዓይኔን ከጨፈንኩ የምወድቅ መሰለኝ። ጋሼ ላቀው አይተው ኖሮ በወንዶቹ በኩል ቀስ ብለው መጡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ስጪኝ ልጄ፣ ልያዝልሽ። ደክሞሻል።"

"አልደከመኝም ጋሼ" አልኳቸው። ውሸት ነበር፤ እሳቸውም አውቀዋል፣ እጃቸውን ግን መለሱ። ቄሱ አሳርገው እስኪያሰናብቱን ድረስ ልጅቷን ለማንም አልሰጠሁም።